የብርቱካናማው ኤኪናሲያ ባለቤት ማን ነው?

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ደጃፎች ከሰኔ ጀምሮ የሚፈካው ኤኪናሲያ፣ በእንግሊዝኛ የተለመደ ስሙ ኮንፍላወር፣ በአትክልት ስፍራ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በአብዛኛው በሐምራዊና በነጭ ቀለሙ ነበር። ዛሬ በችግኝ መሸጫዎች ብርቱካናማው፣ ቀዩና ቢጫው ተደርድረው ይታያሉ።

የአዲሶቹ ቀለሞች መነሻ አንድ የዱር ዝርያ ነው። በሚዙሪና በአርካንሶ፣ በኦዛርክ ኮረብታዎች ጭንጫ መሬት ላይ የሚበቅለው ይህ ዝርያ ዘመዶቹ ሐምራዊ ሲሆኑ እርሱ ቢጫ በመሆኑ ‹ፓራዶክሳ›፣ ማለትም ከልማድ የወጣ፣ የሚል ሳይንሳዊ ስም አግኝቷል። የቺካጎ የዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪ ጂም ኦልት ይህን ቢጫ ከሐምራዊው ዝርያ ነጭ ዓይነት ጋር አዳቀሉት። ከቢጫና ከነጭ ወላጆች ብርቱካናማ ልጅ ተወለደ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ‹ኦሬንጅ ሜዶውብራይት› በሚል የንግድ ስም ለገበያ ቀረበ።

አበባው ከፓተንት ጋር ነበር የመጣው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1930 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዕፅዋት ፓተንት ሕግ ያለ ዘር የሚራቡ አዳዲስ ተክሎችን ለአርቢው ንብረት ያደርጋል። በዚህ ሕግ መሠረት፣ ሽያጭ ባይኖርበትም እንኳ፣ ያለ ፈቃድ ሥሩን ከፍሎ ማራባት የመብት ጥሰት ነው። ከጓሮው ጤና አዳምና ጌሾ ቆርሶ ለጎረቤት ማካፈል እንደ ወግ ለሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ይህ እንግዳ ሕግ ነው። ዘሩን መዝራት አይከለከልም፤ ነገር ግን ከተዳቀለ ተክል ዘር የሚበቅለው ልጅ የእናቱን ቀለም ለመያዙ ዋስትና የለውም። ፓተንቱ ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ስለሚቆይ የመጀመሪያው ብርቱካናማ ዛሬ ነፃ ወጥቷል። የንግድ ስም ግን እስከታደሰ ድረስ ጊዜ አይገድበውም፤ ስለዚህ ተክሉን ማራባት የሚችል ሰው በታወቀበት ስሙ ሊሸጠው ላይችል ይችላል።

ቀለሙን የሰጠው የኦዛርክ ወላጅ ጠባዩንም አውርሷል፤ ውኃ የሚያቁር መሬት አይወድም። የሜሪላንድና የሰሜን ቨርጂኒያ ከባድ የሸክላ አፈር በክረምት እርጥበት ሲይዝ ሥሩ ይበሰብሳል፤ በአንድ ወቅት ደምቆ በሁለተኛው የጠፋ ኤኪናሲያ የሚያጋጥመው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ውኃ በሚያሳልፍ አፈርና በሙሉ ፀሐይ የተተከለ ግን ይቆያል። በደላዌር የሚገኘው ማውንት ኩባ ማዕከል ከ2018 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባካሄደው የንጽጽር ሙከራ ንቦችና ቢራቢሮዎች የሚያዘወትሩት ነጠላ አበባዎችን እንደሆነ፣ ድርብርቦቹን ግን እንደሚሸሹ ታይቷል። ገበያው ይህን ብዙም አያስተዋውቅም።

በበጋው መጨረሻ የደረቀውን የአበባ እምብርት የሚፈለፍለው ቢጫ ወፍ፣ ጎልድፊንች፣ ሌላም የሚወደው ዘር አለው፤ ኑግ። ኑግና አደይ አበባ የኤኪናሲያ የሩቅ ቤተሰብ ናቸው። ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች ወደ አሜሪካ የሚገባው ኑግ፣ አብረውት የሚመጡ የአረም ዘሮች እንዳይበቅሉ፣ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ እንዲሞቅ ይገደዳል። የኑግ ሳይንሳዊ ስም ‹አቢሲኒካ› የሚለውን ቃል ይዟል፤ በከረጢቱ ላይ በጉልህ የሚታተመው ግን ‹ናይጀር› ነው፤ እርሱም የአሜሪካ የወፍ መኖ ነጋዴዎች ማኅበር በ1998 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው የንግድ ስም ነው።