ያገር ቤት ታሪክ ማን ይጻፈው?

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት እኛን ተማሪዎችን ሳይነካ አይቀርም። የፈረንሳይ አብዮት በ1789 እንደ ፈነዳ፣ ናፖሊዮን በ1815 ዋተርሎ ላይ ድል እንደ ሆነ በቃላችን እናወርዳለን። «የተወለዳችሁበት ከተማ ስሙን ከየት አገኘ?» ቢሉን ግን አንገታችንን እንደፋለን።

ባለፈው ክረምት ጥቂቶቻችን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ለዕረፍት ወደ ሆሳዕና በሄድን ጊዜ ይኸው ደረሰብን። አንድ ሽማግሌ ቤት ቡና ተጋብዘን ተቀምጠናል። ከመካከላችን አንዱ ደብተሩን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ከተማይቱ የተቆረቆረችው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ቢላቸው ሳቁበት።

«ዓመተ ምሕረቱን የተማርከው አንተ ነህ፣ ልጄ። እኔን ከሆነ የምትጠይቀኝ፣ ይህ ቦታ ፊት ማን ይባል ነበር? የማንስ ከብት ይግጥበት ነበር? ብለህ ጠይቀኝ» አሉት።

ከዚያ «ዋቸሞ» ብለው ጀመሩ። አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ የአያታቸውን አባት እያሉ ወደ ላይ ሲቆጥሩ የኛ እጅ መከተል አቃተው። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ አንድ ገጽ እንኳ በወጉ አልጻፍንም። ይዘን የሄድነው ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ ነበርና።

ሆሳዕና የሚለው ስም በራስ አባተ ቧያለው ዘመን ከበዓሉ እንደ ተወሰደ ይነገራል። ዋቸሞ የቀድሞው ስም ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ይጠራበታል። እንግዲህ አንድ ከተማ ሁለት ስም ካለው ሁለት ታሪክ አለው ማለት ነው፤ የመጣው ሰው ታሪክና የቆየው ሰው ታሪክ። እኛ ትምህርት ቤት የሰማነው ቢበዛ አንዱን ነው።

ታዲያ ስለዚህ አገር የተጻፈ የለም ወይ? አለ እንጂ! ግን ማን ጻፈው? ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1316/17 እ.ኤ.አ. ዳሞትንና ሀዲያን ድል ማድረጋቸውን የሚናገረው ማስታወሻ የተገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ ቃሉም ያሸናፊው ቃል ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ የተባለው ዐረባዊ ጸሐፊ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ፣ ከሰው ጠይቆ፣ ሀዲያ የስምንት ቀን በዘጠኝ ቀን መንገድ እንደምትሰፋ፣ ንጉሧ 40,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ፣ ሕዝቧም በብረት ቁራጭ እንደሚገበያይ ጻፈ። በ1613 አንቶንዮ ፈርናንዴዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ ከዐፄ ሱስንዮስ መልክተኛ ጋር ወደ ህንድ ውቅያኖስ ጠረፍ መውጫ ሲፈልግ ከምባታን አቋርጦ እስከ አላባ ደርሶ ነበር። አንዱ ዘማች፣ አንዱ ሰሚ፣ አንዱ መንገደኛ። ውለታቸውን አንክድም፤ ግን ማናቸውም የቤቱ ሰው አይደሉም።

የንግሥት እሌኒንም ነገር እንይ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት እንደ ነበሩ፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት በቤተ መንግሥት እንደ ተደመጡ፣ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል እንደ ላኩ ተምረናል። የሀዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ያገር ቤት ታሪክ ካገር ታሪክ ተለይቶ የቆመ ጎጆ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያሻል?

በጣም የቆረቆረን ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የተባለው ጀርመናዊ ምሁር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደዚህ አገር መጥቶ ከሽማግሎች አፍ የትውልድ ሐረጉንና የጎሳዎቹን የፍልሰት ታሪክ ሰበሰበ። የሀዲያን ታሪክ በ1980፣ የከምባታን በ1983 በጀርመንኛ አሳተመ። የሀዲያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከአያቶቻችን አፍ የወጣ ነገር ጀርመን አገር ደርሶ፣ 32 ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ ባዕድ ቋንቋ ተመለሰልን። ሰውዬውን ልናመሰግነው እንጂ ልንወቅሰው አይገባም፤ እሱ ባይጽፈው ብዙው ከሽማግሎቹ ጋር በተቀበረ ነበር። ወቀሳው ለኛ ነው። እሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣበትን ደጃፍ እኛ በየበዓሉ እንረግጠዋለን።

ተማሪ ምን አቅም አለው የሚለን አይጠፋም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ድርሰት ወደየትውልድ አገራቸው እየሄዱ የገበያውን፣ የከተማውን፣ የባላባቱንና የገባሩን ታሪክ ጽፈዋል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲህ ያሉ ድርሰቶችን አስቀምጧል፤ ታላላቅ ምሁራን ሳይቀሩ ይጠቅሷቸዋል። የጻፏቸው እንደኛው በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበሩ ልጆች ናቸው።

ዘዴውስ? ሽማግሌው አስተምረውናል። «ስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለን አንጀምር። «የኅዳር በሽታ ሲገባ አባትዎ አግብተው ነበር?» እንበል፤ 1911 ነው። «ጣልያን ሲመጣ ከብት ጠባቂ ነበሩ ወይስ ገና አልተወለዱም?» እንበል፤ 1928 ነው። «መሬት ላራሹ ሲታወጅ ይህ ማሳ በማን እጅ ነበር?» እንበል፤ የካቲት 1967 ነው። ዘመኑን ከሽማግሌው ጋር ሆነን እንደርስበታለን። ከሣጥን ሥር ያለውን የግብር ደረሰኝ፣ የቀላድ ወረቀትና የደበዘዘ ፎቶግራፍም እንዲያሳዩን እንለምን። ጥያቄውንም በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ፣ በሽማግሌው ቋንቋ እናድርገው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች ሁለቱ እነዚህ ነበሩ፤ አይጻፍባቸውም የሚል ሰበብ የለንም።

መምህራንም ይስሙን። ለአንድ ክፍል ተማሪ፣ «ያያትህን መንደር ስም ትርጉም ጠይቀህ አምጣ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። አርባ ልጅ አርባ ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ የማይስማሙትን ሁለቱን አንሥቶ «ለምን ተለያዩ?» ብሎ ማከራከር የታሪክ ትምህርት ማለት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። የትውልድ ሐረግ የመፎከሪያ መሣሪያ ይሆናል። ሁሉም ጎሳ ቀድሞ የሰፈረው እኔ ነኝ ይላል፤ ሁሉም አያት ጀግና ነው። ስለዚህ አንዱን ሽማግሌ ከሌላው፣ ሶሮውን ከሌሞው፣ ወንዱን ከሴቲቱ እናስተያይ። የከምባታን ታሪክ ከንጉሡ፣ ከወማው ወገን ብቻ ሰምተን አንመለስ፤ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂውም ሐምበሪቾ ተራራ ሥር ኖረዋል፤ ማንም ግን አልጠየቃቸውም። ደግሞም የመካከለኛው ዘመን ሀዲያ ወደ ምሥራቅ ርቆ የተዘረጋ ሰፊ አገር ነበር፤ ወገኑም ዛሬ በብዙ ሕዝቦች ውስጥ ተቀላቅሎ ይኖራል። ፊት በሸዋ ሥር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ የነበረው ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። የአስተዳደር ወሰን ይመጣል፣ ይሄዳል። ታሪኩን በዚያ ወሰን ልክ ቆርጠን ከሰፋነው፣ የጎረቤታችንን ጨርቅ አብረን መቁረጣችን ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ ደብተር ይዘን እንግባ። እኚያ ሽማግሌ ስንሰናበታቸው፣ «ቶሎ ተመለሱ፤ ገና መቼ ጀመርኩና!» ብለውናል። ቀጠሮ አለብን።