የልክ ደብተሩ የማን ነው?

በ1963 ዓ.ም. ፒያሳ ሙያ ከተማርኩበት የስፌት ቤት ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ ማታ ማታ የልክ ደብተሩን እቀዳ ነበር። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ቁመት፤ ከጎኑ የደንበኛው ስም፣ መሥሪያ ቤትና ስልክ። የሠላሳ ሁለት ሰው ልክ ቀድቼ ኪሴ ከትቻለሁ።

ደብተሩ ለምን እንዲህ እንዳጓጓኝ የሚገባው የሰፈሩን ታሪክ ለሚያውቅ ነው። በምኒልክ ዘመን የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም ነበር። ሕንዶች፣ ግሪኮችና አርመኖች በዙሪያው ሱቅ ከፈቱ፤ አርመኖቹም በወርቅ ሥራ፣ በስፌትና በጫማ ስም አወጡ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ትልቁን ገበያ ወደ መርካቶ ሲያዛውረው፣ አራዳ ፒያሳ የሚል ስም ይዞ የሱቅ፣ የሲኒማና የባለሙያ ሰፈር ሆኖ ቀጠለ። ዛሬም ልብስ ስንሞክር ፕሮቫ፣ ገበሩን ፎደራ የምንለው ከጣሊያንኛ ወስደን ነው። እንደኔ ያለው ልጅ ሙያ ይማር የነበረው ሙሴ የምንለው አሠሪ ቤት ገብቶ ነው፦ መጀመሪያ የካውያ ከሰል ማቀጣጠል፣ ቀጥሎ ሱሪ፣ ከዓመታት በኋላ የኮት ኮሌታ። እኔ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንድ ማታ የቤቱ ሽማግሌ ቆራጭ ደረሱብኝ። አልጮሁም። «ልጄ፣ እጅህ ያንተ ነው፤ ማንም አይቀማህም። ደብተሩ ግን የቤቱ ነው። ደንበኛ ይከተልህ እንደሆነ እንጂ አንተ አትከተለው» አሉኝ። ወረቀቱን የካውያው ፍም ላይ ጣልኩት። በማግስቱ ልወጣ እንደሆነ ለሙሴ ራሴ ነገርኳቸው። ተቆጡ፤ ለወራት ሰላምታ ነሱኝ።

ሰባ ደረጃ አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ሁለት ወር ያህል የሱሪ ጫፍ ከማሳጠር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ከዚያ አንድ የድሮ ደንበኛ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «የት ጠፋህ?» ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው። በሳምንቱ ሱፍ ይዘው መጡ። እንደ አዲስ ስለካቸው ወገባቸው አራት ሳንቲሜትር ጨምሯል። የቀዳሁት ልክ ቢኖረኝ ኖሮ ጨርቁን አበላሽበት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ወርቅ ሠሪና የቀድሞ ሠራተኛው በደንበኛ ተጣልተው ለሽምግልና ተጠራሁ። ያኔ የ1952ቱን የንግድ ሕግ አስነበብኩ። አንቀጽ 133 ጥፋት ይል የነበረው መወዳደርን ሳይሆን ከቅን የንግድ ልማድ ውጭ መወዳደርን ነው። ሽማግሌው ቆራጭ ሕጉን ማንበባቸውን እንጃ፤ ልማዱን ግን ያውቁት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ባለሙያ ተበተነ። ዛሬ የደንበኛው ስልክ በሠራተኛው ሞባይል ውስጥ ነው፤ ለመቅዳት ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግም። ስለዚህ ወጣቶች ሲጠይቁኝ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፦ ከመውጣታችሁ በፊት ለአሠሪያችሁ ንገሩ፤ የቤቱን መዝገብ አትንኩ፤ ደንበኛው ራሱ ከጠየቃችሁ አትዋሹት።

አሠሪም ዕዳ አለበት። እኔ ዘንድ ይሠራ የነበረው ቆራጭ የራሱን ቤት ሲከፍት «የት ሄደ?» ላሉኝ ደንበኞች ሁሉ ሱቁን አሳይቻለሁ። ደብተሩ ግን እኔው ዘንድ ቀርቷል።