የሁለት እህትማማች ትሎች ታሪክ

እስቲ ዛሬ ከፖለቲካውም ከኳሱም ወጣ ብለን ስለ ትል እናውራ። ሳቅ ከመጣባችሁ ሳቁ፤ ነገሩ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ በኦርድ ወንዝ ሸለቆ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰፊ የጥጥ እርሻ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጓይ ትል መጣ። ገበሬው ዲዲቲና መሰሎቹን ረጨ። ትሉ ጠፋ ሲባል ተመለሰ፤ ገበሬውም ደግሞ ረጨ። መጨረሻ ላይ በአንድ የምርት ወቅት ከ30 ጊዜ በላይ ይረጭ ነበር። በ1974 አልቻለም፤ የጥጥ እርሻው ተዘጋ።

የሚገርመው ታዲያ ይሄ ነው። የአውስትራሊያን ጥጥ የሚበሉት ሁለት እህትማማች የእሳት እራቶች ናቸው። አንዷ አርሚጌራ ትባላለች፤ እኛም አገር ሽምብራና ጥጥ የምታጠፋው ጓይ ትል እሷው ናት። ሌላዋ ፑንክቲጌራ ነች። ትሎቻቸውን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ማሳቸው አንድ፣ የሚረጭባቸውም መርዝ አንድ። መርዙን ለምዳ ገበሬውን ያስመረረችው ግን አርሚጌራ ብቻ ናት። ለምን?

መርዝ ትልን አያስተምርም፤ ይመርጣል እንጂ። ከብዙዎቹ መካከል መርዙን የሚችሉ ጥቂቶች ድሮም አሉ። ሌላው ሲያልቅ እነሱ ይተርፋሉ፣ እርስ በርስም ይራባሉ። አርሚጌራ ከእርሻ ብዙም አትርቅም። ፑንክቲጌራ ግን በመሃል አገሩ በረሃ፣ ዝናብ ባበቀለው የዱር ተክል ላይ ትራባለች። መርዝ ሸትቷቸው የማያውቁ ዘመዶቿ በየዓመቱ እየበረሩ መጥተው ከተረፉት ጋር ይደባለቃሉ። የመቋቋም ዘሩ ይሳሳል።

በ1983 ኩዊንስላንድ ውስጥ ኤመራልድ በተባለ ቦታ፣ ፓይረትሮይድ የተባለው አዲስ መድኃኒትም አርሚጌራን አልገድል አለ። ገበሬዎቹ ግን የኦርድን ዕጣ አልጠበቁም። ከዚያው ዓመት ጀምሮ መድኃኒቱን በተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ለመርጨት ተስማሙ። የሚያስገድድ ሕግ ሳይኖር አብዛኛው ቃሉን ጠበቀ። ትሉ መላመዱን ባያቆምም ዓመታት ተገኙ። በ1996 ትልን የሚገድል ጥጥ ሲመጣ ደግሞ ትሉ የሚራባበት ሌላ ማሳ አብሮ መዝራት ግዴታ ሆነ። ተፈጥሮ ለፑንክቲጌራ የሰጠችውን በረሃ ሰው በእጁ ሠራው ማለት ነው።

እኛን የገረመን ይሄው ነው። መድኃኒቱን ያቆየው ሳይረጭ የቀረው ማሳ ነው። ለአንድ ማሳ ሲባል ያለ ልክ የሚረጭ ሰው የጎረቤቱንም መድኃኒት ነው የሚጨርሰው።