ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ መርሳ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ አዲስ ያስቆፈረውን ኩሬ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ኩሬው ከብርቱካን ማሳው ጥግ፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። «አጎቴ፣ ሐይቅ ድረስ ሄጄ በጀሪካን የዓሣ ጫጩት ላመጣ ነው» አለኝ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ፍርሃቴን ብነግረው ሣቀ። «የፈረንጅ ዓሣ አላልኩ! የአገራችን ዓሣ አይደለም ወይ?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለመስጠት ግን ራሱን የሐይቅን ታሪክ ማንሣት ግድ ይላል።

ሐይቅን አብዛኞቻችን የምናውቀው በእስጢፋኖስ ገዳምና በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም ነው። ውኃው ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። የአንከርካ ወንዝ ከሐርድቦ ተነሥቶ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህም የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የመረመሩት ሊቃውንት ነጭ ሳሕን በገመድ ወደ ውኃው ቢያወርዱ እስከ 9 ሜትር ድረስ ይታያቸው ነበር። ያን ጊዜ አምባዛ እንጂ ቆሮሶ፣ ፈረንጆቹ ቲላፒያ የሚሉት፣ በሐይቁ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1978 ግድም ቆሮሶ ተለቀቀበት። የለቀቁት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ሕዝቡ ይመገብ ብለው ነው። በእርግጥም ብዙ ቤተሰብ በዚያ ዓሣ እንጀራ በልቷል፣ ዛሬም ይበላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ተመራማሪዎች ሳሕኑን ዳግም ሲያወርዱ ከአንድ ሜትር ትንሽ አልፎ ከዓይን ተሰወረ። ቀድሞ በብዛት ይገኝ የነበረው ዳፍኒያ የተባለው ደቂቅ የውኃ እንስሳም ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳፍኒያ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን አልጌ ይግጣል። ቆሮሶ፣ በተለይ ጫጩቱ፣ ዳፍኒያን ይለቅማል። ጋጩ ካለቀ ሣሩ ይንሰራፋል ማለት ነው። የጥፋቱን ሁሉ ሸክም በዓሣው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈርም ድርሻ አለው።

እንግዲህ ለእኅቴ ልጅ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነበር፤ ባዕድ ማለት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ብቻ አይደለም። ቆሮሶ በአዋሽ ባላገር ነው፣ በሐይቅ ግን እንግዳ ነበር። ናይል ፐርችም በአባያና በጫሞ የቤት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ቢገባ ግን ዘር ከዘር ሳይለይ በላ፤ በመቶ የሚቆጠሩ የዓሣ ዝርያዎች እንደ ጠፉ ይገመታል። ባሕር ተሻግረው የመጡም አሉን፤ ካርፕ በአባ ሳሙኤል ግድብ ገባ፣ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቀቀ። ካርፕ ጭቃ እየማሰ ስለሚመገብ የጠራ ውኃ ያደፈርሳል።

«የእኔ ግን ሐይቅ አይደለም፣ ኩሬ ነው» አለኝ።

«ክረምት ሲሞላ ትርፉ ወዴት ይፈስሳል?»

ዝም ብሎ ወንዙን አየ። ከወልዲያ እስከ መርሳ፣ በሀብሩ ያለው ወንዝና ጅረት ሁሉ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ይነጉዳል። ከኩሬ ያመለጠ ዓሣ አጥር አያውቅም፤ አንዴ ወንዝ ከገባ መልሶ የሚለቅመው የለም። ዓሣው ባያመልጥ እንኳ በጀሪካኑ ውኃ ውስጥ በሽታና ጥገኛ ትል አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ኩሬህን ድፈነው አላልኩትም። በ1990ዎቹ በየደጁ ኩሬ ቆፍሩ ሲባል ስንቱ ጉድጓድ ወባ ማራቢያ ሆኖ እንደ ቀረ አይቻለሁና፣ ዓሣ የሚረባበት ኩሬ አያስጠላኝም። ያልኩት ይህን ነው፤ ጎርፍ ከሚደርስበት አርቀህ ቆፍር፣ መውጫውን በጠንካራ ወንፊት ዝጋ፣ ጫጩቱ ከየት እንደ መጣ ሳታውቅ አትቀበል፣ ሲሰለችህም ወንዝ ውስጥ አትድፋ። ከሁሉ በፊት ግን በወንዛችን ውስጥ ምን ዓሣ እንዳለ የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቅ።

ጀሪካኑ እስካሁን ባዶውን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በዚህ ክረምት መጀመሪያ ውኃው በየት በኩል እንደሚተርፍ ሊያይ ወስኗል። አባቶቻችን ዓሣን መብላት በብልሃት ያሉት አጥንቱን ፈርተው ነበር፤ እኛ ደግሞ ማርባቱንም በብልሃት ብንል ምን ይለናል?