ከወንጂ አገዳ እስከ መልካሳ ቦሎቄ፦ ክፍት ፈጠራ በአዳማ ዙሪያ



ሄንሪ ቼስብሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ «ክፍት ፈጠራ» የሚለውን ስያሜ ሲያስተዋውቅ በአእምሮው የነበሩት የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ነበሩ። ድርጅት ከውጭ ዕውቀት ቢቀበል፣ የራሱንም ቢያጋራ ይበልጥ ውጤታማ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ግን ከአዳማ ብዙም ሳንርቅ ልንመረምረው እንችላለን።

ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ሲዋዋል ወደ ወንጂ ያመጣው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በኢንዶኔዥያ ለብዙ ዘመን ያካበተውን የአገዳ ልማት ዕውቀትም ጭምር እንጂ። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር የማምረት ዐቅም ይዞ ሥራ ጀመረ። ውጤታማነቱ አያከራክርም። ነገር ግን ማሳው፣ መስኖው፣ የሠራተኛው መኖሪያ ሳይቀር በአንድ አጥር ውስጥ ነበር። የአካባቢው ገበሬ በማኅበር ተደራጅቶ አገዳ ለፋብሪካው ማቅረብ የቻለው ድርጅቱ በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላ ነው። ዕውቀቱ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ አጥሩን ለመሻገር ግን ሃያ ዓመት ፈጀበት።

እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ እኔም የማደላው ወደዚህኛው ነው። ተመራማሪ ቦሎቄን በሄክታር ምርቱ ይመዝናል። ገበሬው ዝናብ ሳይቋረጥ መድረሱን፣ የቤቱ እመቤት ቶሎ መብሰሉን፣ ላኪው ለቆርቆሮ ማሸጊያ የሚስማማ ትንሽና ነጭ ፍሬ መሆኑን ይጠይቃሉ። እንደ አዋሽ-1 እና አዋሽ መልካ ያሉ ዝርያዎች ሲስፋፉ፣ ገበሬዎች በየማሳቸው ዝርያ እንዲመርጡ፣ ዘሩንም እንዲያባዙ ተደረገ። ላኪዎችም አዳማ ላይ እያበጠሩ ወደ ውጭ መላክ ያዙ።

ተማሪዎቼ «ታዲያ የባለቤትነት መብቱ የማን ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ቦሎቄ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ስለሆነ ገበሬው ከምርቱ ለዘር ቢያስቀር ዝርያው ብዙም አይለወጥበትም፤ ለጎረቤቱም ይሰጣል። ስለዚህ ፈጠራው በፍጥነት ይዛመታል፤ ዘር ነጋዴው ግን በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ አያገኝም። በዚህ ዘርፍ ላኪው ሲያተርፍ፣ ገበሬው ሲጠቀም፣ የዘር ድርጅቱ ሊከስር ይችላል። «የንግድ ውጤታማነት» ብለን በአንድ ቁጥር ስንለካ ይህ ልዩነት ይጠፋናል። መልካሳ ይህን ክፍተት ሊሸከም የቻለው የዝርያ ማውጣቱ ወጪ በመንግሥት በጀትና በዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ድጋፍ ስለተሸፈነ ነው፤ ከቦሎቄው ሽያጭ አልነበረም።