የሰማይ በርና የተስፋ በር

ፔታሕ ቲክቫ ስሟን ከትንቢተ ሆሴዕ 2ኛ ምዕራፍ የወሰደች፣ ትርጓሜውም የተስፋ በር የሆነ ከተማ ናት፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1878 ከኢየሩሳሌም ወጥተው የቆረቆሯት አይሁድ ወባ ቢፈጃቸው ጥለዋት ሄደው፣ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ተመልሰው አቅንተዋታል። ይህን ስም በሰማሁ ጊዜ ግን አሳቤ ወደ ሌላ በር፣ ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ወዳነሣው «የሰማይ በር» ወደተባለው ፊልም ይሄዳል።

ዴ ሲካ አስቀድሞ በመልኩና በዘፈኑ የታወቀ የሳቅና የፍቅር ፊልም ተዋናይ ነበረ። ሮማ በናዚ ጭፍሮች እጅ በወደቀችበት ወራት ግን፣ ወደ ሎሬቶ ስለሚጓዙ ተሳላሚዎች የሚናገረውን ይህን ፊልም በቅዱስ ጳውሎስ ባሲሊካ ውስጥ ሲቀርጽ፣ የሚታደኑትን አይሁድና ሌሎችንም ስዱዳን ተሳላሚ መስለው እንዲቆሙ ቀጥሮ፣ ከተማይቱ በ1944 ነፃ እስክትወጣ ድረስ ሥራውን ሆነ ብሎ አጓተተው፤ እንዲህ ያለው ሐኬት ከብዙ ትጋት ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ የድኾችን ኑሮ የሚያሳዩ ፊልሞቹን አከታተለ። በ1948 ለ«የብስክሌት ሌቦች» የመረጠው ዋና ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በ1952 ለ«ኡምቤርቶ ዲ» የመረጠው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር። በዚህ በኋለኛው ፊልም ጡረታው ያልበቃው ሽማግሌ ለልመና እጁን ይዘረጋና፣ መንገደኛው ሊመጸውተው ሲል፣ ዝናም ጣለ አልጣለ ብሎ እንደሚመረምር ሰው መዳፉን ይገለብጠዋል። ይሉኝታን ለሚያውቅ አበሻ ይህ ትርጓሜ አያሻውም። ባለሥልጣኑ ጁሊዮ አንድሬዮቲ ግን የአገርን ገመና ለባዕድ ገለጠ ሲል ዳይሬክተሩን በአደባባይ ወቀሰው።

ያ ሽማግሌ ትዝ ያለኝ የቤተ እስራኤሉ ልጅ ባዚ ጌቴ በ2014 ባወጣው «ቀይ ቅጠሎች» በተባለው ፊልም ነው። ደበበ እሸቱ የሚጫወተው አባት፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ለቆ ከአንዱ ልጁ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ አባት የሚፈራበት የአገሩ ሥርዓት በእስራኤል ባሳደጋቸው ልጆቹ ዘንድ መሻሩን ያያል። ዴ ሲካ ለሽማግሌው የምትወደው ውሻ ሰጥቶታል፤ ባዚ ጌቴ ግን ለዚህኛው ከቁጣው በቀር ምንም አልተወለትም፤ ስለዚህም ለመውደድ ያስቸግራል፣ ለእኔ ግን ይበልጥ እውነተኛ ነው።

በዚያችው በተስፋ በር ከተማ፣ በ2009 የትምህርት ዘመን ሊከፈት ሲል፣ አንዳንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የቤተ እስራኤልን ልጆች አንቀበልም ብለው ነበር። ፊልም የምትማር ልጅ ሆይ፣ ካሜራህን ከዚያ ደጃፍ አቁም።