ባቡርና ቤተ እንግዳ፤ የሎንዶኑ ሚድላንድ ግራንድ ሆቴል ታሪክ

በአገራችን ጥንት መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ይጣራ ነበር። ባለቤቱም በሩን ከፍቶ ያስገባዋል፤ ውሃ አሙቆ እግሩን ያሳጥበዋል፤ ካለው አቅምሶ ያሳድረዋል። ይህ መልካም ልማድ ዛሬም በገጠሩ ጨርሶ አልጠፋም። ነገር ግን ልማዱ የሚበቃው መንገደኛው በእግሩ ወይም በበቅሎው አንድም ሁለትም ሆኖ ለሚመጣበት ኑሮ ነው። የምድር ባቡር ከመጣ ወዲህ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ብዙ መቶ ሰው ከነጓዙ ከአንድ ስፍራ ይራገፋል፤ ይህን ሁሉ ሰው የሚቀበል የግል ቤት ከቶ አይገኝም። ስለዚህ ሰውን በገንዘብ ጭኖ የሚያመጣው ኩባንያ፥ ሰውን በገንዘብ የሚያሳድር ቤት ደግሞ ከጣቢያው ደጅ ለመሥራት ተነሣ።

እኛም ከዚህ ነገር ፈጽሞ የራቅን አይደለንም። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው፤ የአዲስ አበባው ለገሃርም ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የነገሩን ምንጭ ለማየት የምድር ባቡር ወደ ተወለደበት ወደ እንግሊዝ አገር መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሎንዶን ከተማ በሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ግንባር ላይ የቆመውን፥ ቀድሞ ሚድላንድ ግራንድ ሆቴል ይባል የነበረውን ሕንፃ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሚድላንድ የተባለው የምድር ባቡር ኩባንያ መሠረቱ በመካከለኛው እንግሊዝ በደርቢ ከተማ ነበር። የድንጋይ ከሰልና ቢራ፥ ሰውም ጭኖ ወደ ዋናው ከተማ ይልካል፤ ነገር ግን በሎንዶን የራሱ የመንገደኞች ጣቢያ ስላልነበረው፥ ግሬት ኖርዘርን ለተባለው ተፎካካሪው ኪራይ እየከፈለ በኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ይገባ ነበር። በሰው ቤት ያለ እንግዳ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ እንጂ እንደ ራሱ ፈቃድ አይኖርም። በ1862 በሎንዶን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ ሐዲዱ በመንገደኛ ብዛት ተጨናነቀና የባለቤቱ ባቡሮች ቀድመው ሲያልፉ የእንግዳው ባቡሮች ቆመው ጠበቁ። ኩባንያው ይህን ከታገሠ በኋላ በ1863 ከፓርላማ ፈቃድ አግኝቶ የራሱን መንገድ እስከ ሎንዶን ለመዘርጋት ቈረጠ።

መንገዱ በሚያልፍበት ስፍራ ግን ሰው ነበረበት። አጋር ታውን የሚባል የድኾች ሰፈር በዚያ ነበር፤ ሰዎቹ በሳምንት በሳምንት እየከፈሉ የሚኖሩ ተከራዮች ስለ ነበሩ፥ ቤቱ ሲፈርስ ካሳ የተከፈለው ለባለ ርስቶቹ ነው እንጂ ለእነርሱ አልነበረም። ሺሕ በሚቈጠሩ የሚገመቱት እነዚህ ሰዎች የት እንደ ገቡ የጠየቃቸው ባለሥልጣን እምብዛም አልነበረም፤ አብዛኞቹ በአቅራቢያው ባሉ፥ አስቀድሞ በሞሉ ቤቶች ተጨመሩ። ሙታንም ቢሆኑ አልቀረላቸውም። ሐዲዱ የሴንት ፓንክራስን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ስለ ቈረጠ ብዙ አፅም ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰደ። ይህ ሥራ በሥርዓት እንዲፈጸም ይቈጣጠሩ ከነበሩት አንዱ፥ በዚያ ጊዜ የሕንፃ ሙያ ይማር የነበረው፥ በኋላ ደራሲ ሆኖ ስሙ የገነነው ወጣቱ ቶማስ ሃርዲ ነበር። የዚህን ታላቅ ሕንፃ ውበት ስናደንቅ ከሥሩ የተነሡትን ሰዎች አብሮ ማስታወስ የተገባ ይመስለናል፤ የሕንፃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ድንጋዩና ስለ ጡቡ ሲተርኩ ይህን ቶሎ ብለው ያልፉታልና።

የጣቢያውን ጣራ የነደፉት መሐንዲስ ዊልያም ሄንሪ ባርሎ ናቸው። ሐዲዱ ሬጀንትስ የሚባለውን የጀልባ ቦይ በላዩ መሻገር ስለ ነበረበት፥ ባቡሩ ጣቢያው ሲደርስ ከመንገዱ አምስት ስድስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ከበታቹ የተገኘውን ባዶ ስፍራ ኩባንያው በአፈር ሊሞላው አልወደደም፤ በርተን ከተባለው ከተማ የሚመጣው የቢራ በርሚል ማከማቻ እንዲሆን አደረገው። ባርሎም ወለሉን የሚሸከሙትን የብረት ዓምዶች ያቆሙት በመካከላቸው በርሚሉ በትክክል እንዲደረደር ለክተው ነው። ስለዚህ የዚህ ታላቅ ጣቢያ መለኪያ የቢራ በርሚል ሆነ ማለት ነው። በላዩም ስፋቱ 73 ሜትር፥ ከፍታው 30 ሜትር፥ ርዝመቱ 210 ሜትር ያህል የሆነ የብረትና የመስታወት ጣራ ያለ አንዳች የመካከል ዓምድ ደፉበት፤ በዚያ ዘመን በዓለም ከዚህ የሰፋ ባለ አንድ ቅስት ጣራ አልነበረም። ጣቢያው የተከፈተው ጥቅምት 1 ቀን 1868 ነው። አንባቢያችን ዘመኑን እንዲያስተውለው፥ ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ ገና ስድስት ወር አልሞላም ነበር።

ለሆቴሉ ግን ኩባንያው በ1865 የነዳፊዎች ውድድር አደረገ። ያሸነፉት ጆርጅ ጊልበርት ስኮት፥ ኋላም ሰር የተባሉት፥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን የሠሩና ያደሱ ሰው ናቸው። ያቀረቡት ንድፍ ከተጠየቀው የሚበልጥ፥ ዋጋውም ከተወዳዳሪዎቹ የከበደ ነበር፤ የኩባንያው ሹማምንት ግን በአጠገብ ያለው የኪንግስ ክሮስ ሆቴል እንዲዋጥ ይፈልጉ ነበርና ይህንኑ መረጡ። ስኮት ሕንፃውን ያቆሙት ጎቲክ በሚባለው በመካከለኛው ዘመን አሠራር ነው፤ ሹል ቅስት፥ የተቀረጸ ድንጋይ፥ ግንብ በግንብ ላይ፥ 80 ሜትር ያህል የሚደርስ የሰዓት ማማ ያለበት ነው። ቀዩ ጡብ ከኖቲንግሃም በኩባንያው በራሱ ሐዲድ እየተጫነ መጣ፤ ለጣቢያውና ለሆቴሉ የገባው ጡብ 60 ሚሊዮን ይደርሳል ይባላል። ሰር ጊልበርት ራሳቸው፥ ሥራው ለተሠራለት ጉዳይ ከሚያስፈልገው በላይ ሳያምር አልቀረም የሚል አሳብ ትተዋል። በሩ ግንቦት 5 ቀን 1873 ተከፈተ፤ ሥራው በሙሉ የተፈጸመው ግን በ1876 ነው፤ የወጣው ገንዘብ 438,000 ፓውንድ ሆነ።

በዚያ ዘመን በዚህ ቤት ማደር እንዴት ያለ ነበር? እንግዳው ከሰሜን ሲመጣ ከባቡሩ ወርዶ ዝናብ ሳይነካው ወደ ሆቴሉ ይዘልቃል። አሽከር ሻንጣውን ይቀበለዋል። ፊት ለፊቱ ታላቁን ደረጃ ያያል፤ ይህ ደረጃ በአንድ ጐዳና ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈላል፤ የተሸከሙት የብረት አግዳሚዎች ሳይሸፈኑ ያጌጡ ናቸው፤ ከበላይም ቀለም የተቀባ የቅስት ጣራ አለ። ደረጃው ለታከተው በውሃ ኀይል የሚሠራ አሳንሰር አለ፤ ይህም በዚያ ጊዜ ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ስለ ነበር «የሚወጣው ክፍል» ይሉት ነበር። ግድግዳው በወርቅ ቅብ ያበራል፤ በየክፍሉ የድንጋይ ከሰል የሚነድበት ምድጃ አለ። ወደ ላይ በወጡ ቍጥር ግን ዕቃውም ዋጋውም ይቀንሳል፤ ዛሬ ከፍ ያለው ፎቅ በውድ ዋጋ ሲፈለግ፥ በዚያ ጊዜ ባለጠጋው ከታች፥ መካከለኛው ሰው ከላይ፥ አሽከሮቹም ከጣራው ሥር ያድሩ ነበር። በኋላም ለሴቶች የተለየ የሲጋራ ማጨሻ ክፍል ተሰናዳ። ወለሉ እሳት እንዳይበላው በቤቶን የተሠራና እጅግ የወፈረ ነው፤ በዚህ ኩባንያው በጣም ይመካ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ይኸውም ለየክፍሉ የሚሆን መታጠቢያ ቤት ነው። ሦስት መቶ ያህል ክፍል ባለበት ቤት አንዱም መኝታ የራሱ ባኞ አልነበረውም። ይህ በጊዜው እንደ ጕድለት አልተቈጠረም። እንግዳው ደወሉን ሲደውል አሽከሮች ገንዳውን ያመጡለታል፤ የሞቀ ውሃ ከታች ተሸክመው ያፈሱለታል፤ ከታጠበ በኋላም እድፉን ውሃ መልሰው ያወርዱታል። የሌሊቱንም ዕቃ ጧት የሚያነሡ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የዚህ ቤት ምቾት የተመሠረተው በወርቁ ቅብ አልነበረም፤ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ደረጃ በሚወጡና በሚወርዱ፥ ደመወዛቸው ጥቂት በሆነ ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር።

ዘመኑ ግን ቶሎ ተለወጠ። በ1889 በዚሁ በሎንዶን ሳቮይ ሆቴል በኤሌክትሪክ መብራትና በብዙ መታጠቢያ ቤት ተከፈተ፤ በ1906 ደግሞ ሪትዝ ሆቴል ለየመኝታው ባኞ አደረገ። ከዚህ በኋላ ባለጠጋው መንገደኛ በባልዲ የሚመጣለትን ውሃ መጠበቅ አልወደደም። ሚድላንድ ግራንድ ይህን ለማሻሻል ቢፈልግ፥ ያ የተመካበት ወፍራም የቤቶን ወለል ቧንቧ ለማሳለፍ እንቢ አለ፤ እሳትን የሚከላከለው ጥንካሬ ውሃንም ከለከለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ የካቲት 17 ቀን 1918፥ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ በጣቢያው 20 ሰዎች ሞቱ። ከጦርነቱም በኋላ የአሽከር ደመወዝ ተወደደ፤ እንግዳ ቀነሰ፤ ሚድላንድም ከሌሎች ኩባንያዎች ጋራ ተዋሕዶ ስሙ ጠፋ። ሆቴሉ በ1935 ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ዕጣ እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ልናውቀው እንችላለን። ሴንት ፓንክራስ ቼምበርስ ተብሎ የምድር ባቡሩ መሥሪያ ቤት ሆነ። በታላላቆቹ አዳራሾች ውስጥ የፋይል መደርደሪያ ቆመ፤ ያጌጠው ግድግዳ በተራ ቀለም ተሸፈነ፤ ሰፊው ክፍል በስስ ግድግዳ ለሁለት ለሦስት ተከፈለ። መሥሪያ ቤት የገባበት ያማረ ቤት ሁሉ እንዲህ ሲሆን አይተናል፤ ይሁን እንጂ ጠረጴዛና መዝገብ ባይገቡበት ኖሮ ያን ጊዜውኑ ባዶ ቀርቶ ይፈርስ እንደ ነበር እንገምታለን።

ለአንድ ሕንፃ እጅግ አደገኛ የሆነው ዕድሜ ዘጠና ዓመት ገደማ ይመስለናል። አዲስ አይደለም፤ ገና ጥንታዊም አልተባለም። ከ1961 ጀምሮ በዚያው መንገድ ያለው የዩስተን ጣቢያ ታላቅ የድንጋይ በር፥ ብዙ የሥነ ሕንፃ ወዳጆች እየለመኑ ሳለ፥ ፈርሶ ተጠረገ። በ1966 ደግሞ የምድር ባቡሩ መሥሪያ ቤት ኪንግስ ክሮስንና ሴንት ፓንክራስን አንድ ጣቢያ ለማድረግ አሳብ አቀረበ። የዩስተን ሐዘን ገና ያልወጣላቸው ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል ባለቅኔው ጆን ቤቸማንና የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ኒኮላውስ ፔቭስነር፥ ለሙግት ተነሡ። በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነገር ሁሉ በዚያ ወራት እንደ መጥፎ ጣዕም ይቈጠር ስለ ነበር ሙግቱ ቀላል አልነበረም። በኅዳር ወር 1967 ግን የቤቶችና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስቴር ሕንፃውን በአንደኛ ደረጃ ቅርስ መዝገብ አስገባው። አንድ ፊርማ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ዛሬ የምንጽፈው ታሪክ ባልኖረ ነበር።

ከመፍረስ መዳን ግን መኖር ማለት አይደለም። በ1980ዎቹ ሕንፃው የእሳት አደጋ ደንብ አያሟላም ተብሎ መሥሪያ ቤቱም ለቀቀ፤ እሳት አይነካውም ተብሎ የተሠራ ቤት መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ያስገርማል። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ፊልም አንሺዎች ከመግባታቸው በቀር ሰው አልነበረበትም። ያስነሣው ያው የሠራው ነገር፥ ባቡር ነው። ከባሕር ሥር በተቈፈረው መንገድ ወደ ፈረንሳይ የሚሄደው ፈጣን ባቡር መነሻው በሴንት ፓንክራስ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለአዲሱም ሐዲድ በዚያው በአሮጌው መካነ መቃብር እንደ ገና አፅም ወጣ። የታደሰውን ጣቢያ ንግሥት ኤልሳቤጥ ኅዳር 6 ቀን 2007 መረቁት፤ ከስምንት ቀን በኋላም ባቡሩ ከሎንዶን ፓሪስ በሁለት ሰዓት ከሩብ መግባት ጀመረ። መንገደኛው ሲመለስ የቤተ እንግዳው ጉዳይ ተመለሰ፤ ሆቴሉም ታድሶ በይፋ የተመረቀው ግንቦት 5 ቀን 2011፥ መጀመሪያ በተከፈተ ልክ በ138ኛው ዓመት ነው።

ዛሬ በዚያ የሚያድር እንግዳ የሚቀበሉት ቀድሞ የፈረስ ጋሪዎች ይቆሙበት በነበረው፥ አሁን በመስታወት ጣራ በተሸፈነው ስፍራ ነው። የቲኬት መቍረጫው አዳራሽ መመገቢያና መጠጥ ቤት ሆኗል። ታላቁ ደረጃ ቀለሙና ወርቁ ተመልሶለታል። የላይኛዎቹ ፎቆች ለግል መኖሪያ ተሸጠዋል። የሆቴሉ 245 ክፍሎች አብዛኞቹ የሚገኙት ግን በሰር ጊልበርት ግድግዳ ውስጥ አይደለም፤ ከጎኑ ተመሳሳይ ቀይ ጡብ ለብሶ በተጨመረው አዲስ ክንፍ ነው፤ በዚያ ወለል ውስጥ የውሃው ቧንቧ ያለ ችግር ያልፋል። ከበታችም ቢራው ይከማችበት በነበረው ምድር ቤት ወደ ፓሪስ የሚሄዱት መንገደኞች ፓስፖርታቸውን ያሳያሉ፤ ባቡራቸውን ተቀምጠው የሚጠብቁትም በበርሚል ልክ በተተከሉት በእነዚያው የብረት ዓምዶች መካከል ነው።